የቆመ መጥረጊያ ሁሉ ሞተሩ የተቃጠለ አይደለም

በጌዴኦ ዞን የቡና ለቀማ የሚጀመረው ዝናቡ ገና ሳያባራ ነው። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ ስላለበት፣ ከይርጋጨፌ፣ ከኮቸሬና ከወናጎ ገጠሮች ጭኖ የሚነሳ አይሱዙ ዝናብ መጣ ብሎ ሊቆም አይችልም። የዝናብ መጥረጊያው እምቢ ካለ ግን መቆሙ አይቀርም፤ የባለመኪናው ኪሳራም ከዚያው ይጀምራል።

በዚህ ጊዜ የሚቀናው "ሞተሩ ተቃጥሏል" ብሎ መደምደምና ከዲላ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ መደወል ነው። ያገለገለው ሞተር ተልኮ ከተገጠመ በኋላ መጥረጊያው አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ዕቃውን መልሶ የሚቀበል ነጋዴ ማግኘት ቀላል አይሆንም። ሞተሩን የሚያስወቅሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የጎረቤቱ ጥፋት ነው።

እደጅ የሚደረገው ፍተሻ ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። በመጀመሪያ ፊውዙ ይታያል። ፊውዙ ደህና ከሆነ ቁልፉ ተከፍቶ፣ መጥረጊያው በርቶ ድምፅ ይደመጣል። የማጉረምረም ድምፅ ካለ ኮረንቲ ደርሷል፤ ሞተሩን የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። የሞተሩን ክንድ የሚይዘው ዳዶ ተፈትቶ ሞተሩ ለብቻው በነፃነት ከዞረ (ጣት ከአጠገቡ ይራቅ)፣ ጥፋቱ ከዘንጎቹና ከመገጣጠሚያዎቹ ነው። ጭቃና አቧራ ያዛጋቸው መገጣጠሚያዎች ጽዳትና ግሪስ እንጂ አዲስ ሞተር አያስፈልጋቸውም።

ምንም ድምፅ ከሌለ ማብሪያው እንደበራ የሞተሩ ሶኬት በቴስተር ይለካል። በአንዳንድ መኪኖች ማብሪያው የሚቆርጠው ኔጋቲቩን ስለሆነ ሁለቱንም ወገን መለካት ይሻላል። ኮረንቲ ካልደረሰ ምርመራው ወደ ማብሪያው፣ ወደ ሪሌውና ወደ ሽቦው ይዞራል። ሁለቱም ደርሰው ሞተሩ ዝም ካለ ግን ጥርጣሬው በሞተሩ ላይ ነው፤ ያኔም ቢሆን ያለቀው ካርቦኑ ብቻ ሊሆን ይችላል።

መግዛት ግድ ከሆነ ዕቃው ከመላኩ በፊት በባትሪ እንዲሞከር ደላላውን ማስገደድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የሚያሳስተው ቮልቱ ነው። ሚኒባሶችና የቤት መኪኖች በ12 ቮልት ሲሠሩ፣ እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ያሉ የጭነት መኪኖች በአብዛኛው ሁለት ባትሪ አያይዘው በ24 ቮልት ይሠራሉ። የ24ቱ ሞተር በአንድ ባትሪ ሲሞከር እየተንፏቀቀ ስለሚዞር ደህናው ዕቃ "ደካማ ነው" ተብሎ ይጣላል። የ12ቱ በ24 ሲሞከር ደግሞ በፍጥነቱ ገዢውን ያስደስትና ሊቃጠል ይችላል። በሙከራው ጊዜ ፊውዝ ያለው ሽቦ መጠቀም፣ ቀስታውንም ፈጣኑንም ማዞር፣ የመቃጠል ሽታ መኖር አለመኖሩንም ማየት ይገባል።

በተራ የባትሪ ሙከራ በቀላሉ የማይታይ አንድ ነገር አለ። መጥረጊያው ሲጠፋ ወደ ቦታው ተመልሶ እንዲተኛ የሚያደርገው በሞተሩ የጥርስ ቤት ውስጥ ያለ ትንሽ መቁረጫ ነው። እርሱ ከተበላሸ መጥረጊያው መስታወቱ መሐል ይቆማል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ሞተሩ መኪናው ላይ ከተገጠመ በኋላ ስለሆነ ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊት ከሻጩ ጋር ስለዚሁ መነጋገር ይጠቅማል።