የጎመኑ ክሽክሽ ሚጥሚጣ ለምን አልፈራም?

አየር ጤና፣ ግቢያችን ያለውን ጎመን ግራጫ ክሽክሽ ወረረው። እናቴ «መድኃኒት ገዝተህ ና» አለችኝ፤ እኔ ግን በየቀኑ እየቀነጠስን በምንበላው ነገር ላይ ኬሚካል መርጨት ከበደኝ። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጬ፣ ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ ረጨሁት። ጠብታው እየተንከባለለ መሬት ወረደ!

ምክንያቱ ሰም ነው። ቅጠሉም ክሽክሹም ስስ ሰም ለብሰዋል፤ ውሃ ደግሞ ሰም ላይ ድቡልቡል እንዳለ ይቀራል እንጂ አይዘረጋም። ሳሙና የውሃውን የገጽ ውጥረት ስለሚያላላ ጠብታው ተዘርግቶ ነፍሳቱን ያርሳል። እንዲያውም ገላቸው ለስላሳ የሆኑትን ሳሙናው ራሱ ይገድላቸዋል፤ ሚጥሚጣው ብዙ አይኩራ።

«ሳሙናውም ከተክል ይሁን» ካላችሁ እንዶድ አለ። አረፋው የሚመጣው ሳፖኒን ከተባሉ ውህዶች ነው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ያዩት በእነሱ ምክንያት ነው። ግን ልብ በሉ፣ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። «የተፈጥሮ ነው» ብዬ የምንበላው ጎመን ላይ አልረጨውም።

እኔ በአንድ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጨመርኩ። አመሻሽ ላይ፣ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ቅጠሉን እየገለበጥኩ ረጨሁ። ከመብላታችን በፊት በደንብ እናጥበዋለን። ባለነጠብጣቧ ቀይ ጥንዚዛ ያለችበትን ቅጠል ግን አልነካሁም፤ እሷም ክሽክሽ በላተኛ ናት።