በኬንታኪ የአጋዘን አደን ሲከፈት
የአኩሪ አተር እርሻና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

በሰሜን አሜሪካ፥ ኬንታኪ በተባለው ግዛት፥ የአጋዘን አደን የሚከፈተው በሴፕቴምበር ወር በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ይህም ቀን በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 26 እስከ ጳጉሜን 2 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በመክፈቻው ቀን የሚፈቀደው መሣሪያ ቀስትና ፍላጻ ነው፤ ዋናው የጠመንጃ ወራት የሚጀምረው ግን በኖቬምበር ሁለተኛ ቅዳሜ፥ ማለት በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መግቢያ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ፥ ይልቁንም የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት፥ ለአዳኙም ለገበሬውም ከፍ ያለ ዋጋ አላቸው። አጋዘኑ በዚያን ጊዜ ገና ከእርሻው አልራቀም፤ የበጋ ልማዱንም አልተወም።

ስለ እንስሳው ስም አስቀድሞ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። በእኛ አገር አጋዘን የሚባለው የድኩላ ዘመድ ሲሆን ቀንዱ እስከ ዕለተ ሞቱ አይለየውም። የአሜሪካው ነጭ ጭራ አጋዘን ግን ከሌላ ወገን ነው፤ ቀንድ የሚያበቅለው ወንዱ ሲሆን፥ ቀንዱም በየዓመቱ በብርዱ ወራት ወድቆ በጸደይ እንደ ገና ይበቅላል። ሲያድግ ጸጉር ባለው ለስላሳ ቆዳ ተሸፍኖ ይቆይና በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ቆዳው ይላጣል። ወንዶቹ እስከዚያ ድረስ በኅብረት ይሰማራሉ፤ ቀንዳቸው ከጠራ በኋላ ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተቃቅረው ይበተናሉ። እንግዲህ ማለዳውን በአንድ ማሳ አብረው የታዩ ወንዶች በወሩ መጨረሻ በዚያው ስፍራ አይገኙ ይሆናል።

ይህ እንስሳ በአንድ ወቅት ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በመላው የአሜሪካ ግዛቶች የቀረው ከ500,000 እንደማይበልጥ ይገመታል። በዚያው ዓመት የወጣው የሌሲ ሕግ በሕገ ወጥ መንገድ የታደነ እንስሳ ከግዛት ወደ ግዛት እየተጫነ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ በ1937 ዓ.ም. የወጣውም ሕግ ከአደን መሣሪያ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር አራዊት ጥበቃ እንዲውል አደረገ። ዛሬ ቁጥሩ ወደ 30 ሚሊዮን ገደማ እንደሚደርስ ይነገራል። ተኵላው ከብዙው አገር ስለ ጠፋ፥ መንጋውን በልክ የሚይዘው ዋናው ነገር አዳኝ ሆኗል።

የመንጋው ብዛት የሚከብደው በገበሬው ላይ ነው። አኩሪ አተር በግንቦትና በሰኔ ይዘራል። ቡቃያው ብቅ እንዳለ አጋዘን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች በታች ከቀነጠሰው ይሞታል፤ ካደገ በኋላ ቅጠሉ ቢበላ ግን መልሶ ያቆጠቁጣልና ጉዳቱ ያንሳል። እንስቲቱ የምትወልደው ደግሞ በዚሁ ጊዜ፥ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ነው፤ መኖ በሞላበት አገር ብዙውን ጊዜ መንታ ትወልዳለች። ስለዚህ በመስከረም የሚያድን ሰው የዚያን ዓመት ሰብል አያተርፍም፤ የሚያተርፈው የሚቀጥለውን ዓመት ቡቃያ ነው፤ ይህም እንስቲቱን የገደለ እንደ ሆነ ነው።

አሁን ወደ አደኑ እንመለስ። የመክፈቻው ሰሞን ጥበብ በአጭሩ መኖውን ማወቅ ነው። አኩሪ አተሩ አረንጓዴ ሳለ አጋዘኑ ቀኑን በጫካ ጥላ ተኝቶ ያመሰኳና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ ማሳው ይወጣል። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ግን ማሳውን በጥቂት ቀን ውስጥ ይተወዋል። ብልህ አዳኝ በዚህ ጊዜ ስንዴ ከታጨደ በኋላ የተዘራውን እርሻ ይፈልጋል፤ እርሱ ዘግይቶ ስለሚደርስ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ከዚያም ኦክ የተባለው ዛፍ ፍሬውን ማርገፍ ይጀምራል። የነጩ ኦክ ፍሬ ምሬቱ አነስተኛ በመሆኑ አጋዘን ከሁሉ አስበልጦ ይወደዋል፤ ፍሬው በረገፈ ጊዜ በጫካው ውስጥ እየለቀመ ይቆይና ማሳው ዘንድ የሚደርሰው ከጨለመ በኋላ ነው። ትናንት አሥር አጋዘን ያየበትን ማሳ ዛሬ ባዶ ሆኖ ያገኘ ሰው አጋዘኑ አገር ለቆ የሄደ ይመስለዋል፤ እንስሳው ግን ሁለት መቶ ክንድ ራቅ ብሎ ከዛፍ ሥር ፍሬ ይለቅማል።

አዳኙ የሚቀመጥበት ስፍራ የእኛ ገበሬ ጦጣና ወፍ ለመጠበቅ ከሚሠራው ማማ ብዙ አይለይም፤ ከዛፍ ግንድ ጋር የታሰረ መቀመጫ ነው። ከዚህ ላይ ወድቆ መጎዳት በአሜሪካ አዳኞች ዘንድ የተለመደ አደጋ ስለ ሆነ፥ ከመሬት ከተነሡበት ጊዜ ጀምሮ በጠፍር መታሰር ግድ ነው። የማማውም አቀማመጥ የሚወሰነው በነፋስ ነው። አጋዘን ዓይኑ ቢያታልለው አፍንጫው አያታልለውም። በምሽት የቀዘቀዘው አየር ቁልቁል ወደ ሸለቆው ስለሚወርድ፥ ከአጋዘኑ መምጫ በላይ የተቀመጠ ሰው ጠረኑን ራሱ ይልክለታል። በማለዳም ቢሆን በጨለማ ወደ ማማው የሚሄድ አዳኝ በማሳው ውስጥ ከሚግጡት ጋር ይጋጠማል፤ ስለዚህ በዚህ ወራት ከማለዳ ይልቅ የምሽት አደን ይመረጣል።

መግቢያው ቢታሰብበትም መውጫው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከጨለመ በኋላ ማሳው በአጋዘን ተሞልቶ ሳለ አዳኙ ከዛፍ ከወረደ፥ መንጋው ከማማው ላይ ሰው እንዳለ ይማራል። የአካባቢው ገበሬዎች ለዚህ መላ አላቸው፤ የእርሻውን መኪና እየነዱ ወደ ማሳው ይመጣሉ። አጋዘን መኪናውን ዘወትር ስለሚያየው ጥቂት ፈቀቅ ይላል እንጂ አይበረግግም፥ አዳኙም በዚያ መካከል ይወርዳል። ነፋሱ ባልተስማማበት ምሽት ከቤት መዋል ከሁሉ ይሻላል፤ ብዙ አዳኞች ግን የመክፈቻውን ቀን ጉጉት መቋቋም ስለሚሳናቸው፥ ለወር ያጠኑትን ስፍራ በአንድ ምሽት ያበላሹታል።

ገበሬውና አዳኙ የማይስማሙበት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ለአንድ አዳኝ በዓመት የሚፈቀደው ባለ ቀንድ ወንድ አንድ ብቻ ነው፤ አዳኙም ያን አንዱን ሲጠብቅ እንስቶቹን እያየ ያሳልፋል፤ በማሳው ላይ እንስት ከወደቀች ወንዱ ይሸሻል ብሎ ይፈራልና። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ወንድ ቢገደል በሚመጣው ሰኔ የሚወለዱት ግልገሎች አይቀንሱም፤ ሌላ ወንድ ይተካዋልና። የዊስኮንሲን ግዛት በ1996 ዓ.ም. በአንዳንድ ወረዳዎች አስቀድሞ እንስት ያልገደለ ወንድ እንዳይገድል ደንብ አውጥቶ ነበር፤ አዳኞች እጅግ ስለ ጠሉት በ2011 ዓ.ም. በሕግ ተሻረ። በኬንታኪ ያለ ባለ መሬት ግን መንግሥትን መጠበቅ አያስፈልገውም። ያለ እርሱ ፈቃድ በመሬቱ ላይ ማደን ስለማይቻል፥ ከአኩሪ አተሩ ራቅ ባለው የጫካ ዳር አስቀድሞ እንስት እንዲገደል፥ ማሳውም ለወንዱ እንዲቆይ በፈቃዱ ላይ ቢያስገባ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ።

የባሌና የአርሲ አንባቢ ይህን ወራት ለአገራችን እንዳይመኘው ያስፈልጋል። ምስሉ በአሥር ሳንቲም ላይ የተቀረጸው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም አይገኝም፤ ቁጥሩም በጥቂት ሺህ የሚገመት ነው። እንስቶቹም በብዛት የሚወልዱት ክረምቱ ሲወጣ፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። በኬንታኪ ግልገሉ ሣር መጋጥ የቻለበት ወር በባሌ ገና የሚወለድበት ወር ነው።

የመክፈቻው ሰሞን ሌላው ችግር ሙቀት ነው። አየሩ 28 እና 30 ዲግሪ በሚደርስበት ምሽት የወደቀ አጋዘን ሆድ ዕቃው ወዲያውኑ ካልወጣ፥ ቆዳው ተገፎ ብልቱ በበረዶ ካልቀዘቀዘ ሥጋው ይበላሻል። አገሩ እርጥበት ስለሚበዛበት ሥጋውን እንደ እኛ በገመድ ሰቅሎ ቋንጣ ማድረግም አያስተማምንም። ሳንባውን የተመታ አጋዘን ሩቅ ሳይሄድ ይወድቃል፤ ሆዱን የተመታውን ግን ለመከተል ብዙ ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል፥ በዚያም መካከል ሥጋው ይሞቃል። ስለዚህ ከሠላሳ ሜትር በላይ አለመወርወር፥ ጎኑንም እስኪሰጥ መጠበቅ ይገባል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላ ከሚበሉት እንስሳት ጋር የተቆጠረ ስለ ሆነ፥ በዚያ አገር የሚኖሩ የተዋሕዶ ምእመናን ሥጋውን ቢፈልጉ መስከረም ይስማማቸዋል፤ የጠመንጃው ወራት ከተከፈተ በኋላ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባልና።

አጋዘን የገደለ ሰው በዚያው ዕለት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ለግዛቱ የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ማስታወቅ አለበት። በ1967 ዓ.ም. በኮሎራዶ መጀመሪያ የታየው አጋዘንን አክስቶ የሚገድል በሽታ በዲሴምበር 2023 ዓ.ም. በኬንታኪም ስለ ተገኘ፥ በሽታው በሚጠረጠርባቸው ወረዳዎች የእንስሳው ራስ ለምርመራ ይሰጣል። በሽታው ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን ባይረጋገጥም፥ የተያዘ እንስሳ ሥጋ እንዳይበላ ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስም ሥጋውን ከሌላው ለይቶ በማቀዝቀዣ ማቆየት ይገባል።