ስንጥቅ ስለሚደፍን ሙጫ

ከመሬት በታች የተሠራ ክፍል ወይም የውኃ ማጠራቀሚያ ተሰንጥቆ ውኃ ሲያስገባ፥ ከውስጥ በሲሚንቶ መለሰኑ ብዙ ጊዜ ድካም ብቻ ነው፤ ከውጭ የሚገፋው ውኃ ልስኑን ያራግፈዋልና። ስለዚህ መሐንዲሶች ግድግዳውን በስተው ፈሳሽ ሙጫ በግፊት ያስገባሉ። ሙጫውም በስንጥቁ ውስጥ ይረጋል፤ ፖሊዩሪቴን የተባለው ዓይነትማ ውኃ ሲነካው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ጥበቡ የሚያስመሰግን ነው።

ነገር ግን ሙጫው እስኪረጋ ድረስ ምንድር ነው? በደቡብ ስዊድን በሃላንድሶስ ኮረብታ ለባቡር መንገድ ዋሻ ሲቆፈር ውኃ ስላስቸገረ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. አክሪላማይድ ያለበት ሙጫ ከ1,000 ቶን በላይ ወደ ዐለቱ ገባ። አክሪላማይድ ሳይረጋ ነርቭን የሚጎዳ መርዝ ነው። የሚፈሰው ውኃም ሳይረጋ አጥቦ ወደ ወንዝ ወሰደው። ዓሦች ሞቱ፤ ከወንዙ የጠጡ ላሞች መቆም ተሳናቸው፤ ከሠራተኞቹም መካከል እጅና እግራቸው የደነዘዘ ነበሩ። (ላሞቹ ባይወድቁ ኖሮ ነገሩ እስከ መቼ ተሸፍኖ ይቆይ ነበር?) ሥራው ተቋረጠ፤ ዋሻው የተከፈተው በ2015 ነው።

እንግዲህ የትምህርት ቤቱን የውኃ ማጠራቀሚያ የሚያስጠግን ሰው፥ ከዋጋው አስቀድሞ የሙጫውን ስም ይጠይቅ፤ ለመጠጥ ውኃ የተፈቀደ ለመሆኑም ማስረጃ ይቀበል። ሠራተኛው ያለ ጓንት ሲነካው ቢያይ ያስቁመው። ሙጫው እስኪረጋም ድረስ በአጠገቡ ካለው ጉድጓድ ውኃ አይቀዳ።