ያውቁ ኖሯል? ጫጉላ ከደባርቅ ሽቅብ

ጫጉላ በድሮው ወግ ከቤት የማይወጡበት ጊዜ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ሙሽሮቹ ለብቻቸው በተሠራ ጎጆ ወይም በተከለለ ጓዳ ይሰነብታሉ፤ ሚዜዎች እየተመላለሱ ያጫውታሉ፣ ይላላካሉ፤ ሙሽሪት ተከናንባ ፀሐይ ሳታይ ትከርማለች። «የጫጉላ ሽርሽር» የሚለው አጠራር የከተማ ልጅ ነው። ልብ ብሎ ላየው ሁለቱ ቃላት እርስ በርስ የተኳረፉ ናቸው፤ ጫጉላ መቀመጥ፣ ሽርሽር መሄድ። ከሰርጋቸው ማግስት ጫማቸውን አጥብቀው ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጡ ሙሽሮች ሁለቱን ለማስታረቅ ቢያንስ ሦስት ቀን በእግር ይጓዛሉ።

የድሮው ጫጉላ ይናፍቀኛል የሚል ካለ አንድ ነገር ይጨምርበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ነበር፤ በገጠር ደግሞ ከዚያም በታች ይዳሩ ነበር። ዕድሜው ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት የሆነው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በዚያ ጎጆ ውስጥ የተከናነበችው ሙሽራ ብዙ ጊዜ ሕፃን ነበረች።

የሰርግ ወርና የተራራ ወር አንድ መሆናቸውንስ ያውቁ ኖሯል? ሰርግ የሚበዛው ከጥምቀት ወዲህ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ነው። ስሜንም በዚያው ሰሞን ደረቅ ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ገደሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሰኔ እስከ መስከረም ቢሄዱ የሚያገኙት ጭቃና ጉም ነው። ችግሩ ብርዱ ነው። በጥር ሌሊት ጊጭ በሚባለው የድንኳን ሰፈር፣ 3600 ሜትር ላይ፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርድና ጧት ድንኳኑ በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። ጋቢ የሰርግ ስጦታ የሚሆነው ለዚህ ይሆን?

የስሜን ብርድ ወሬው አዲስ አይደለም። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ወደብ ላይ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ ስሜን ድረስ መዝመቱንና እዚያ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰምጥ ይናገራል። ንጉሡ ጉራ ጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ዘማች አይደል?

የስሜን መግቢያ በር ደባርቅ ናት። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳባትን ያለፈ ደርሷል ማለት ይቻላል። ዳባት ብዙ መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ የሚያልፋት ከተማ ናት። ግን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በወረዳዋ ውስጥ በተመረጡ ቀበሌዎች ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደፈለሰ ቤት ለቤት እየተከታተለ ሲመዘግብ መኖሩን ያውቁ ኖሯል?

ደባርቅ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2850 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ጫጉላ ማለት የብራዚል ባሕር ዳርቻ ነው ለሚል ሰው ይህን ማነጻጸሪያ ይንገሩት፦ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ያ ታዋቂ የክርስቶስ ሐውልት የቆመበት ኮርኮቫዶ ተራራ 710 ሜትር ነው። ደባርቅ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ከኮርኮቫዶ ጫፍ አራት እጥፍ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። (ከብራዚል ሳንወጣ፦ የታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ የተደረገው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ብራዚልን እየጎበኙ ሳለ ነበር። ከቤት ርቆ መሄድ ለሙሽራም ለንጉሥም ጣጣ አለው።)

ሻንጣ በጀርባ ተሸክሞ መጓዝ የሚባለው ነገር ስሜን ላይ ሲደርስ ጀርባው የበቅሎ ይሆናል። ድንኳኑን፣ ምጣዱን፣ ድንቹን የጭነት በቅሎ ይዛ ቀድማ ትሄዳለች። በቅሎ ለሰርግ እንግዳ አይደለችም። ድሮ ሙሽራን ከአባቷ ቤት ወደ ጫጉላው የምታደርሰው እሷ ነበረች። አየርላንዳዊቷ ጸሐፊ ደርቭላ መርፊም እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ ከምጽዋ ተነሥታ ወደ አዲስ አበባ ስትጓዝ ስሜንን ያቋረጠችው ጆክ ከሚባል በቅሎ ጋር ነው። ባል አላስፈለጋትም።

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ስካውት መንቀሳቀስ እንደማይቻልስ? ፈቃዱ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይወሰዳል፤ ከፈቃዱ ጋር ጠመንጃ ያነገተ የአገሩ ሰው አብሮ ይመጣል። ቀን ከፊት ወይም ከኋላ ይሄዳል፣ ሌሊት ከድንኳኑ አጠገብ እሳት ይሞቃል። ሁለት ብቻ እንሆናለን ብለው የመጡ ሙሽሮች መጀመሪያ ይደነግጣሉ። እኔ ግን የድሮው ሚዜ ተመልሶ የመጣ ይመስለኛል፤ ልዩነቱ ጠመንጃ መያዙ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቶቹ እንሂድ። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር የትም አይገኝም፤ ከዝንጀሮ ዘመዶቹም ሁሉ ሣር እየጋጠ የሚኖረው እሱ ብቻ ነው። ቀን ሜዳው ላይ በመቶዎች ሆኖ ይግጣል፤ ማታ ጅብና ነብር ከማይደርሱበት ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል። በደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሴቷ ደረት ለመፀነስ መድረስ አለመድረሷን ይናገራል።

የትዳራቸው ወሬ ደግሞ ለብቻው ነው። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በስሜን እነዚህን መንጎች ሲከታተሉ ቆይተዋል። አንድ አለቃ ወንድ ብዙ ሴቶች ይዞ ይኖራል። ነገር ግን ሴቲቱ አንዳንድ ጊዜ ከሌላ ወንድ ጋር ትወሰልታለች። ታዲያ ሁለቱም አለቃው ራቅ እስኪል ይጠብቃሉ፤ በወትሮው የሚያሰሙትን ድምፅም ዋጥ ያደርጋሉ። ከተያዙ ሁለቱም ይደበደባሉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው ግኝት ይከብዳል፦ አለቃው ተሸንፎ አዲስ ወንድ መንጋውን ሲረከብ፣ እርጉዝ ከነበሩት ሴቶች የአብዛኞቹ ፅንስ ይጨናገፋል። አዲሱ ወንድ የቀድሞውን ግልገሎች ስለሚገድል፣ ለማይተርፍ ልጅ ወራት ከማባከን ሰውነታቸው አስቀድሞ ይቆርጣል ይላሉ አጥኚዎቹ። በጫጉላ ሽርሽር ላይ ይህን ለሙሽራዎ መንገር አለመንገር የእርስዎ ጉዳይ ነው።

ስሜን ለነገሥታት ሙሽራ ያበረከተ አገር መሆኑን ያውቁ ኖሯል? የስሜኑ ገዥ ደጃች ውቤ ኃይለ ማርያም ሊነግሡበት ብለው ደረስጌ ማርያምን አሠሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸውና ከጦርነቱ በሁለተኛው ቀን፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ተቀቡ። ታሪኩ በዚህ አላበቃም፤ የመጀመሪያ ሚስታቸው ተዋበች ከሞቱ በኋላ ቴዎድሮስ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። አባቷን ያሠረውን ሰው ማግባት ምን ዓይነት ጫጉላ እንደሚሆን አስቡት። ትዳሩም የሰላም አልነበረም። ልጃቸው ዓለማየሁ ነው፤ እናቱ ከመቅደላ ውድቀት በኋላ መንገድ ላይ ሞተችበት፤ እሱም ባሕር ተሻግሮ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር አረፈ። የአድዋዋ እቴጌ ጣይቱም የእነዚሁ የስሜን ባላባቶች ዘር ናት፤ አባቷ ራስ ብጡል የውቤ ወንድም ናቸው።

ጥቂት ደግሞ በሩጫ። ራስ ደጀን ከ4500 ሜትር በላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1841 ጫፉ ላይ መውጣታቸው የተመዘገበላቸው ፈሬና ጋሊኒየ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን መኮንኖች ናቸው፤ ከነሱ በፊት የወጣው እረኛ ግን አልጻፈም። ቧሂት ተራራ ጫፍ ላይ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሙሽራዎን አዝዬ እወጣለሁ ብለው አይፎክሩ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜንና ላሊበላ ሁለቱም ነበሩበት። ስሜን እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆየ። ከመዝገቡ ለመውጣት የከፈሉት ደግሞ ከጊጭ መንደር ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩ ከ400 በላይ አባወራዎች ናቸው፤ ድንኳን የሚተከለው በነሱ ቀዬ አጠገብ ነው።

የሰሜኑ ጦርነትም እዚህ ደርሶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ዳባት አጠገብ ጭና ላይ ብዙ ሰላማዊ ሰው ተገደለ። ከዚያ ወዲህ አስጎብኚው፣ የበቅሎ ነጂው፣ ምግብ አብሳዩ እንግዳ እየጠበቁ የዋሉበት ቀን ብዙ ነው። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ደውለው ይጠይቁ።

በመጨረሻ ጅብራ። ከሰው ቁመት በላይ የሚሄድ ተክል ነው፤ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። «እንደ ጅብራ ተገተረ» የሚባለው በእሱ ነው። እመት ጎጎ ጫፍ ላይ ስካውቱ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው ገፋ አድርጎ ስልካቸውን ተቀብሎ ፎቶ ሲያነሣቸው፣ ገደሉን ፈርተው አንድ እርምጃ እንኳ ሳይነቃነቁ የሚቆሙትን ሙሽሮች ያየ ሰው አባባሉ ለማን እንደተባለ ግራ ይገባዋል።