«ሰክሮ ነድቷል» ለማለት ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለው የመኪና መንገድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ በኩል አድርገው ወደ ወደቡ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ነጂዎች ብዙ ናቸው። ከተማሪዎቻችንም መካከል አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ መስመር ላይ የሚሠራ አይጠፋም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናነሣው ጥያቄ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ለምሳሌ ያህል እንዲህ እንበል። አንድ ነጂ ሁለት ሌሊት በቅጡ ሳይተኛ ጅቡቲ ከተማ ይደርሳል። እንቅልፍ ለማባረር ጫት ቅሟል። ዋራበሌ አካባቢ ሲደርስ መኪናው መንገድ ዳር የቆመ ሌላ መኪና ይገጫል። በሥፍራው የደረሰው ፖሊስ የነጂው ዓይን መቅላቱን፣ አንደበቱ መተሳሰሩንና ሲራመድ መንገዳገዱን ጽፎ ይይዛል። የትንፋሽም ሆነ የደም ምርመራ አይደረግም። በመጨረሻም ነጂው «ሰክሮ በመንዳት» ጥፋተኛ ነው ተብሎ ይፈረድበታል። እንግዲህ ይህ ሰው ይግባኝ ቢል ምን ብሎ ሊከራከር ይችላል? ምሳሌው የታሰበ ነው፤ ጥያቄው ግን በየአገሩ ፍርድ ቤት በየጊዜው የሚቀርብ እውነተኛ ጥያቄ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ጠጥቶ መንዳት የሰው ነፍስ የሚያጠፋ ድርጊት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 እንደደነገገው፣ በአልኮል ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን ከኃላፊነት ውጭ አድርጎ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይጠብቀዋል። ቅጣቱ እንዲህ ከባድ ስለሆነ ነው ማስረጃውም ጠንካራ መሆን ያለበት።

ስካርን መለካት እንዴት ተጀመረ?

እ.ኤ.አ. በ1897 በለንደን ከተማ ስሚዝ የተባለ የታክሲ ነጂ ጠጥቶ ሲነዳ መኪናውን ከሕንፃ ጋር አጋጨ። ጥፋቱን ራሱ አመነና 25 ሺሊንግ ተቀጣ። በዚያን ዘመን መለኪያ የሚባል ነገር ስላልነበረ ተከሳሹ ባያምን ኖሮ ዳኛው የሚፈርደው ምስክር ባየውና ባሸተተው ብቻ ነበር። ኋላ ግን ዊድማርክ የተባለው የስዊድን ሊቅ በደም ውስጥ ያለውን አልኮል መለኪያ ዘዴ አጠና። ኖርዌይም እ.ኤ.አ. በ1936 በሕግ የተወሰነ የደም አልኮል መጠን ደነገገች። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ቦርከንስታይን የተባለ አሜሪካዊ በትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ ሠራ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣችው ሕግ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ80 ሚሊ ግራም በላይ አልኮል ይዞ መንዳትን ከለከለች።

ከዚህ የምንረዳው ክሱ ሁለት ዓይነት መልክ ሊኖረው እንደሚችል ነው። አንደኛው «ነጂው ከተወሰነው መጠን በላይ አልኮል በደሙ ውስጥ ነበር» የሚል ነው፤ ይህ የሚረጋገጠው በቁጥር ነው። ሁለተኛው «ነጂው በመጠጥ ምክንያት መኪና በሚገባ ለመንዳት አይችልም ነበር» የሚል ነው፤ ይህ የሚረጋገጠው በሁኔታው ነው። ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ክስ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ማስረጃው ይበቃል ወይም አይበቃም ማለት አይቻልም።

ዓይን ያየው ማስረጃ

የመጠጥ ሽታ፣ የዓይን መቅላት፣ የአንደበት መተሳሰርና መንገዳገድ የስካር ምልክቶች ናቸው። ነገር ግን ምልክትና ምክንያት አንድ አይደሉም። ሌሊቱን ሙሉ የነዳ ሰው ዓይን ይቀላል። የጅቡቲ ሙቀትና አቧራ፣ የጫትም ምርቃና በሰው ፊት ላይ ይታያል። ጫት የቃመ ሰው መንዳቱ አደጋ የለውም ማለታችን አይደለም፤ ጫት መቃም ግን አልኮል መጠጣት አይደለም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ሲያንስ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ንግግሩም ይሳከራል፤ በሽታው በሌላ መልኩ ሲብስበት ደግሞ ትንፋሹ ልዩ ሽታ ያመጣል። በግጭቱ ጭንቅላቱን የተመታ ሰውም እንዲሁ ሊደናገር ይችላል፤ እርሱን ሰካራም ነው ብሎ ማሠር ሕይወቱን እስከማሳጣት ሊያደርስ ይችላል።

ሽታም ቢሆን ሰውየው መጠጥ መቅመሱን እንጂ ምን ያህል እንደጠጣ አይናገርም። አንድ ብርጭቆ ጠላ የቀመሰና አንድ ጠርሙስ አረቄ የጨረሰ ሁለቱም ይሸታሉ። ስለዚህ ጠበቃ ለምስክሩ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው፤ ነጂውን ከግጭቱ በፊት ያውቁት ነበር? የዘወትር አነጋገሩ እንዴት ነው? የቆመበት መሬት ደልዳላ ነበር? መብራት ነበር? በቋንቋ ትግባባላችሁ? አማርኛ ብቻ የሚናገር ሰው በፈረንሳይኛ ወይም በሶማልኛ ሲጠየቅ ቢንተባተብ ሰክሯል ያሰኛል?

መሣሪያው የተናገረው

የትንፋሽ መለኪያ የሚለካው ደምን ሳይሆን ከሳንባ የወጣውን አየር ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በ2,100 ሚሊ ሊትር የሳንባ አየር ውስጥ ያለው አልኮል በ1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው በሚል ስሌት ይሠራሉ። ይህ ግን አማካይ ቁጥር ስለሆነ ከሰው ሰው ይለያያል። ሰውየው በዚያው ቅጽበት ጠጥቶ ወይም አስመልሶት ከሆነ በአፉ ውስጥ የቀረው አልኮል ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት 15 ደቂቃ ያህል ጠብቆ መከታተል የተለመደ ጥንቃቄ ነው። መሣሪያውም በየጊዜው በትክክለኛ መመዘኛ መፈተሽ አለበት።

የደም ምርመራ የበለጠ የታመነ ቢሆንም የራሱ ጥንቃቄዎች አሉት። መርፌ የሚወጋበት ቦታ በአልኮል የተጠረገ እንደሆነ፣ ብልቃጡ መጠበቂያ ኬሚካል ያልተጨመረበትና በሙቀት የቆየ እንደሆነ፣ ወይም ደሙ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ የሚያሳይ ጽሑፍ የጎደለ እንደሆነ ውጤቱ ለጥርጣሬ ይጋለጣል።

ሰዓቱም ዋና ነገር ነው። የሒሳብ መምህራን የሚከተለውን በክፍል ውስጥ ሊያሠሩት ይችላሉ። የሰው አካል በአማካይ በሰዓት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም አልኮል ከ100 ሚሊ ሊትር ደም ያስወግዳል። አንድ ነጂ ከግጭቱ 2 ሰዓት ዘግይቶ ሲመረመር 70 ቢገኝበት፣ ወደ ኋላ ስንቆጥር በግጭቱ ጊዜ ከ90 እስከ 110 ነበር እንላለን። ገደቡ 80 ከሆነ ጥፋተኛ ሊሆን ነው። ነገር ግን ነጂው መጠጡን የጠጣው ከመንዳቱ ጥቂት ደቂቃ አስቀድሞ ከሆነስ? አልኮል ወደ ደም ገብቶ ከፍተኛው መጠን ላይ ለመድረስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ሊወስድ ይችላል። በግጭቱ ጊዜ ቁጥሩ ገና ወደ ላይ እየወጣ ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህ ስሌቱ አይሠራም። የመጨረሻው ብርጭቆ መቼ እንደተጠጣ ሳይታወቅ ወደ ኋላ መቁጠር ግምት እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ይህ ሁሉ የመጻሕፍት ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኒው ሜክሲኮ ጠክሮ በመንዳት ሳይሆን «ሰክሮ በመንዳት» የተፈረደበትን ሰው ፍርድ ሻረ፤ ምክንያቱም ደሙን የመረመረው ባለሙያ ቀርቶ ምርመራውን ያልሠራ ሌላ ባለሙያ ስለ ወረቀቱ መስክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሣሪያዎቹን ለመፈተሽ የተመደበ አንድ ፖሊስ ተገቢውን የሙቀት መለኪያ ሳይጠቀም መቅረቱ ስለተደረሰበት፣ በእነዚያ መሣሪያዎች የተገኘው ውጤት ተቀባይነት የለውም ብሎ ወሰነ። ጉዳዩ የነካው ከ20,000 በላይ ምርመራዎችን ነበር። ወረቀትም እንደ ሰው ምስክር ይጠየቃል ማለት ነው።

የማስረዳት ሸክም የማን ነው?

በአገራችን ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲባል ቆሞ ይዳኝ ነበር። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው፤ የከሰሰ ያስረዳል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ንጹሕ ሆኖ የመገመት፣ የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክሮችን የመጠየቅ፣ ይግባኝ የማለትም መብት ሰጥቶታል። ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 141 የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ካልበቃ ተከሳሹ መከላከያ ሳያቀርብ በነፃ እንዲሰናበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 137 መሠረት የመስቀለኛ ጥያቄ ዓላማ በምስክሩ ቃል ውስጥ ስሕተት፣ አጠራጣሪ ወይም ሐሰት የሆነውን ለፍርድ ቤቱ ማሳየት ነው። ከተፈረደ በኋላም በአንቀጽ 187 መሠረት የይግባኝ ማስታወቂያ በ15 ቀን ውስጥ፣ የይግባኙ ማመልከቻም የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ ታዟል።

በይግባኝ ጊዜ «አልጠጣሁም» ብሎ መማል አይበቃም። ይግባኝ ባዩ የፍርዱን ግልባጭ ይዞ ነጥብ በነጥብ መሔድ አለበት። ወንጀሉ ሦስት ነገሮች ቢጠይቅ፣ ማለትም መንዳቱ፣ መጠጣቱና በመጠጡ ምክንያት መንዳት አለመቻሉ፣ ለእያንዳንዱ የቀረበው ማስረጃ ምን እንደሆነ ይመረምራል። በምሳሌያችን መንዳቱ ተረጋግጧል። መጠጣቱ ግን በሽታም፣ በምርመራም፣ በምስክርም አልተረጋገጠም። ሦስተኛው በሁለተኛው ላይ የቆመ ስለሆነ አብሮ ይወድቃል። ነጂው ደክሞ በመንዳቱ ሊጠየቅ ይችል ይሆናል፤ ያ ግን ሌላ ክስ ነው።

በተቃራኒው ነጂው አረቄ ቤት ሲጠጣ ያዩት ሦስት ምስክሮች ቢኖሩ፣ ባዶ ጠርሙስ በመኪናው ውስጥ ቢገኝና ሽታውም ቢመዘገብ፣ መሣሪያ አልነበረም ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣውም። አንድ ማስረጃ ወደቀ ማለት ሁሉም ወደቀ ማለት አይደለም።

በጅቡቲ ለሚገኝ ነጂ

ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1977 ነፃነቷን ያገኘች፣ የሕጓን መልክ ከፈረንሳይ የወረሰች አገር ናት። እ.ኤ.አ. የ1992 ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 10 ተከሳሽ ጥፋቱ በፍርድ ቤት እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመት፣ በመረጠው ጠበቃም መረዳት እንደሚችል ይናገራል። ከዚህም በላይ የተያዘ ሰው በመረጠው ሐኪም የመመርመር መብት አለው። ይህ መብት ለምሳሌያችን ነጂ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቢያየው ኖሮ ድካም ይሁን፣ በሽታ ይሁን፣ መጠጥ ይሁን በታወቀ ነበር። ሁለቱም አገሮች የተቀበሉት ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ደግሞ በአንቀጽ 14 የፍርድ ቤቱን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በነፃ አስተርጓሚ እንዲያገኝ ያዝዛል። ስለዚህ በማያነበው ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ ከመፈረም በፊት አስተርጓሚ መጠየቅ፣ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ማስታወቅ፣ ከተፈረደም የይግባኙ ቀን ሳያልፍ ጠበቃ ማነጋገር ያስፈልጋል።

ውድ መምህራንና ተማሪዎች፤ የበቂ ማስረጃ ሕግ ለሰካራም ነጂ የተሠራ መሸሸጊያ አይደለም። በቂ ማስረጃ በጊዜው ከተሰበሰበ ጥፋተኛው አያመልጥም፤ ካልተሰበሰበ ግን ደክሞ የተንገዳገደው አባት ከሰካራሙ ጋር አብሮ ይታሠራል፣ መንጃ ፈቃዱም እንጀራውም ይቀራል። ፖሊስ በጥንቃቄ ሲመዘግብ፣ ሐኪም በጊዜው ሲመረምር፣ ዳኛም ጥርጣሬን ከእውነት ሲለይ መንገዱም ፍርዱም ይጠበቃል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንድ ሰው መጠጥ መሽተቱ ሰክሯል ለማለት ይበቃልን? ምክንያታችሁን ስጡ።
2. ከግጭት 3 ሰዓት በኋላ 50 የተገኘበት ነጂ በግጭቱ ጊዜ ስንት ሊኖረው እንደሚችል አስሉ። ስሌቱ የማይሠራበትን ሁኔታም ግለጹ።
3. ዳኛ ብትሆኑ በዋራበሌው ነጂ ላይ የተሰጠውን ፍርድ ታጸናላችሁ ወይስ ትሽራላችሁ?