ልጆቻችን ከማን ይስሙ?
ስለ ክትባትና ስለ ልብ ጭንቀት

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ለሙስሊም ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምናነሳው ያለፈ የሚመስል፣ ነገር ግን ያላለፈ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ስጋት ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነበር። በዚያ ዘመን በልጆቻችን ልብ ውስጥ የገባው ጥያቄ ግን በአዋጅ አያበቃም።

ነገራችንን በራሳችን ጥፋት እንጀምር። በ2012 ረመዷን መስጂዶቻችን ተዘግተው ተራዊሕን በየቤታችን ስንሰግድ፣ አንድ የ15 ዓመት የመድረሳ ተማሪያችን እዚሁ ገንዳ ውሃ ውስጥ መንገድ ላይ አገኘን። አባቱ ከሱዳን በመተማ በኩል ሲመለስ ለይቶ ማቆያ ገብቶ ነበር። «ኡስታዝ፣ አባባ ታሞ ነው ወይስ አጥፍቶ ነው የታሰረው?» ሲል ጠየቀን። እኛም ትከሻውን መታ መታ አድርገን «አብሽር፣ ወንድ ልጅ አይጨነቅም፤ ዱዓ አድርግ» ብለነው አለፍን።

አባትየው ከ14 ቀን በኋላ በሰላም ወጣ፤ አልሐምዱሊላህ። ልጁ ግን ለወራት እንቅልፍ አጣ። ለካስ ጎረቤት «በእነሱ ቤት በሽታ ገብቷል» ሲል ሰምቶ ኖሯል። ዱዓ አድርግ ማለታችን ትክክል ነበር። የጠየቀንን ሳንመልስለት ማለፋችን ግን ጥፋት ነበር።

ያ ዘመን ልጆቻችንን እንዴት ነካቸው?

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤታቸው ተቀመጡ። የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ፈተናቸውን የተፈተኑት የካቲት 2013 መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ መሐል ስንቱ ወጣት ከደብተሩ ተለይቶ ሰሊጥ ማሳ ውስጥ ቀረ! ስንቷ ልጃገረድስ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ብቻ ለትዳር ታጨች!

ይህ የእኛ ሀገር ልጆች ችግር ብቻ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 እንዳስታወቀው፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ላይ በ25 በመቶ ጨምሯል። ዩኒሴፍም ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለባቸው ገምቷል። በእኛ ቆላ ደግሞ ነገሩ በኮሮና አላበቃም። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በሱዳን ጦርነት የተሰደዱ ቤተሰቦች በመተማ ገብተዋል። በክልላችንም ግጭት ተከትሏል። የልጆቻችን ልብ ፋታ አላገኘም።

ውድ ወላጆች! አዋቂ ሲጨነቅ «ጨነቀኝ» ይላል። የ14 ዓመት ልጅ ግን እንዲህ ብሎ አይናገርም። ይቆጣል፣ ዝም ይላል፣ ራሴን አመመኝ ይላል፣ ሌሊቱን ስልኩ ላይ ያፈጣል፣ ከሰላት ይሰንፋል። እኛ ደግሞ «ባለገ» እንላለን፤ ካልሆነም «ጂን ነው፣ ዓይን ነው» ብለን እንደመድማለን። ልጁን ግን «ምን ሆንክ?» ብለን አንጠይቅም።

ጭንቀት የኢማን ጉድለት ነውን?

አይደለም። ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ማልቀሳቸውን ቁርኣን ይነግረናል። ኢማናቸው ጎደለ የሚል አለን? ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤታቸው ኸዲጃና አጎታቸው አቡ ጣሊብ የሞቱበት ዓመት የሐዘን ዓመት ተብሎ ይታወሳል። ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ የሚጠበቁበትን ዱዓም አስተምረውናል። ሰው የማያገኘው ነገር ቢሆን ኖሮ ዱዓው ለምን ያስፈልግ ነበር?

ቀደምት ዓሊሞቻችንም ይህን አውቀው ነበር። በ322 ሂጅራ የሞቱት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት ኪታብ፣ ሰው በአካሉ እንደሚታመም ሁሉ በነፍሱም እንደሚታመም አስረድተዋል። ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ክፉ ሐሳብን ለየብቻ ከፍለው መድኃኒታቸውን ተናግረዋል። ይህ ከሺህ ዓመት በፊት ነው።

ስለዚህ ሩቅያ ማድረግና ጤና ጣቢያ መሄድ አይጣሉም። ቁርኣን የሚቀራለት ልጅ ሐኪምም ሊያየው ይችላል። በተለይ ልጃችን «መኖር ሰለቸኝ» ካለ፣ ምግብና እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ሁሉ ከሸሸ ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም። ብቻውን አንተወው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ባለሙያ እንውሰደው። ስሙ ይጠፋል ብለን ልጁን አንጣ።

ስለ ክትባቱስ?

የኮሮና ክትባት ወደ ሀገራችን የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ነው፤ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኒካ ነበር። መጀመሪያ የጤና ባለሙያዎች፣ ከዚያም አረጋውያንና ሕመም ያለባቸው ተከተቡ። በኅዳር 2014 ዘመቻ ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት ተፈቀደ። ክርክሩም ያኔ ወደየቤታችን ገባ።

አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ ጠየቀችን። እናት «መካን ያደርጋል ተብሎ በስልክ ተልኮልኛል» ትላለች። ልጅቷ ደግሞ «አባባ ለሐጅ ሲሄድ ተወግቷል። ለእሱ ጤና የሆነው ለእኔ ሲሆን ለምን መርዝ ይሆናል?» ትላለች። እውነቷን ነው! ሑጃጆቻችን የማጅራት ገትር ክትባት ሳይወስዱ ሐጅ አይሄዱም። በ2014 ሐጅ ላይም የኮሮና ክትባት ግዴታ ነበር። አባት ለዒባዳው የተቀበለውን ለልጁ ሲሆን የሚጠራጠርበት ምክንያት ምንድን ነው?

የመካንነት ወሬ አዲስ አይደለም። በ1996 በሰሜን ናይጄሪያ በካኖ ይኸው ወሬ ተነዝቶ የፖሊዮ ክትባት ለወራት ተቋረጠ። በዚያ ያሉ ወንድሞቻችን ሙስሊም ሀገር ከሆነችው ከኢንዶኔዥያ የመጣ ክትባት ተቀብለው ሥራው ሲጀመር፣ በሽታው ድንበር ተሻግሮ ነበር። ሱዳን ደረሰ፤ በ1997 ደግሞ ለዓመታት ፖሊዮ ያልታየባት ሀገራችን ከሱዳን በኩል ተሻግሮ የገባ ፖሊዮ ታየባት። ልብ በሉ! ካኖ ላይ የተወራ ወሬ በእኛ ድንበር በኩል የሕፃን እግር ይዞ ቀረ።

ለልጆቻችን ግን እውነቱን ሙሉውን እንንገራቸው። የኮሮና ክትባት ጨርሶ እንዳይያዙ አያደርግም፤ ክፉኛ ከመታመምና ከመሞት ግን በእጅጉ ይከላከላል። ክንድ ያማል፣ አንድ ሁለት ቀን ሊያተኩስ ይችላል። ከባድ ጉዳትም አልፎ አልፎ ታይቷል፤ ነገር ግን እጅግ ጥቂት ነው። «ምንም አያደርግም» ብለን ብንዋሻቸው፣ ትኩሳቱ በመጣ ጊዜ ከእኛ ይልቅ ስልኩን ያምናሉ።

ይህ ጉዳይ ዛሬም ደጃችን ላይ ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በሀገራችን በ2011 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ፤ በ2017 ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ተሰጥቷል። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ክትባቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ልጅቷ ለቫይረሱ ሳትጋለጥ፣ ማለትም ከትዳር በፊት ሲሰጥ ነው። «ማኅፀን ይዘጋል» የሚባለው ሐሰት ነው፤ ማኅፀንን ይጠብቃል እንጂ። ስንት እናቶቻችን በዚህ ካንሰር ተቀጥፈዋል! ሴት ልጃችንን በወሬ ምክንያት ከዚህ ጥበቃ ብንከለክላት፣ አማናችንን ምን አደረግነው?

ቤታችን ውስጥ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከመናገራችን በፊት እንጠይቅ። «ስለ ክትባቱ ምን ሰማሽ? ምን ያስፈራሻል?» እንበል። ልጁ የሚፈራው መርፌውን ይሁን፣ ወሬውን ይሁን ወይስ የእኛን ቁጣ ካልጠየቅን አናውቅም።

ሁለተኛ፣ የማናውቀውን አናውቅም እንበል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ወደ ቤታችን እንጋብዛት፤ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቋት። በስልክ የተላከልንን ሳናጣራ ለሌላ አናስተላልፍ። የሰሙትን ሁሉ ማውራት ለውሸት በቂ እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀውናል።

ሦስተኛ፣ የነገሩንን ምስጢር እንጠብቅ። ልጅ ጭንቀቱን ነግሮን በማግሥቱ ቡና ላይ ቢሰማው፣ ዳግመኛ አፉን አይከፍትም።

አራተኛ፣ ተወኩልን በቦታው እናስቀምጥ። ግመልህን እሰርና ተወከል የሚለው የነቢያችን ትምህርት ለክትባትም ለሕክምናም ይሠራል። ማሰሩ የእኛ፣ መጠበቁ የአላህ ነው።

ያ ተማሪያችን ዛሬ ወጣት ሆኗል። ዘግይተንም ቢሆን ቁጭ ብለን መለስንለት። «አባትህ አላጠፋም» አልነው። «ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳንገባ፣ ካለንበትም ሸሽተን እንዳንወጣ ያስተማሩን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲሄዱ ወረርሽኝ መኖሩን ሰምተው አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች ይዘው ተመልሰዋል። አባትህም እነዚያን 14 ቀናት የተቀመጠው አንተንና አያትህን ለመጠበቅ ነበር።» ልጁ ረጅም ጊዜ ዝም አለና «ያኔ ብትነግሩኝ ኖሮ» አለን።

ውድ ወላጆች፣ ይህች ቃል ዛሬም ትቆረቁረናለች። በየቤታችን ያኔ ቢነገራቸው ኖሮ የሚሉ ልጆች እንዳይኖሩን ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ ስልኩን አስቀምጠን አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸው፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው እንስማ።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን በአካላቸውም በልባቸውም ይጠብቅልን። ለታመሙት ዓፊያን፣ ለተጨነቁት እርጋታን፣ ለእኛም የምንሰማበትን ጆሮ ይስጠን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።