የአባያና የጫሞ ዓሣ ንግድ

በዓለም ገበያ ከሚነገድባቸው የባሕር ፍጥረታት አንዱ ስኩዊድ የተባለው፥ አጥንት የሌለውና ዐሥር ክንድ ያለው እንስሳ ነው። የሩቅ ምሥራቅ አጥማጆች በሌሊት በመርከባቸው ላይ ብርቱ መብራት ያበራሉ፤ ስኩዊዱ ወደ ብርሃኑ ሲሰበሰብ በመንጠቆ አውጥተው በዚያው በመርከቡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኖሩታል።

በደቡብ አትላንቲክ የሚገኙት የፎክላንድ ደሴቶች ነዋሪዎች ቀድሞ የሚተዳደሩት በበግ ጠጉር ንግድ ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1986 የዓሣ ማጥመጃ ክልላቸውን ካወጁ በኋላ ግን ለውጭ መርከቦች ፈቃድ እየሸጡ ዋናውን ገቢያቸውን ከስኩዊድ ማግኘት ጀመሩ። የስኩዊድ ዕድሜ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ለዘር የሚተርፈው ማነሱ በታወቀ ጊዜ የማጥመጃው ወራት ሳያልቅ ሥራው ይዘጋል። ዓሣው ካለቀ የሚሸጥ ፈቃድ አይኖርምና።

ይህ ምሳሌ ለእኛም ነጋዴዎች ይጠቅማል። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት የዓሣ ንግዳችን በሐይቆችና በወንዞች ላይ የተመሠረተ ነው። ከነዚህም መካከል በአርባ ምንጭ አጠገብ የሚገኙት፥ የእግዜር ድልድይ የተባለው መሬት የሚለያቸው አባያና ጫሞ ስማቸው የታወቀ ነው። አባያ ስፋቱ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ቢሆንም፥ እንደ ብላቴ ያሉ ወንዞች ይዘውት በሚገቡት ደለል ውሃው ቀይ ሆኗል። ብርሃን ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅም የዓሣው ምግብ አነስተኛ ነው። ጫሞ በስፋት ቢያንስም በዓሣ ምርት የላቀ ነው።

ከእነዚህ ሐይቆች ቆሮሶና አምባዛ ይገኛሉ፤ በገበያ እጅግ የሚፈለገው ግን ናይል ፐርች ነው። ይህ ዓሣ እስከ 2 ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ሥጋው ነጭና እሾኹ ጥቂት በመሆኑ ለፊሌቶ ተመራጭ ነው። ፊሌቶውም በበረዶ ተሸፍኖ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል።

ይሁን እንጂ የጫሞ ናይል ፐርች ከቀድሞው እጅግ አንሷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ዐይኑ ጠባብ በሆነ መረብ ገና ያልወለደውን ዓሣ ማውጣት ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ የሚያጠምድ ሁሉ ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል፤ ነገር ግን ሕግ ብቻውን ሐይቁን ሊጠብቅ አይችልም።

ሒሳቡን ነጋዴ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ የሚመዝኑ 10 ዓሣዎች ዛሬ ቢወጡ 20 ኪሎ ናቸው። በሐይቁ ቢቆዩና ከመካከላቸው 5ቱ ቢሞቱ እንኳ፥ የቀሩት እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ሲደርሱ 50 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ከዚህም በላይ ዘራቸውን ተክተዋል። ከዓሣው ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ራስ፥ አጥንትና ቆዳ ስለ ሆነ፥ ከትንሽ ዓሣ የሚገኘው ፊሌቶ እጅግ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ዓሣ የሚገዛ ነጋዴ የአጥማጁን ፈቃድ ይጠይቅ፤ ለትልቁ ዓሣ የተሻለ ዋጋ ይስጥ፤ ጫጩቱንም አልገዛም ይበል። ገዢ ያጣ ዓሣ ከሐይቅ አይወጣም። መረቡን የሚዘረጋው አጥማጁ ቢሆንም፥ የመረቡን ዐይን ስፋት የሚወስነው ገዢው ነው።